«ባቡር» በውኃ ላይ፦ በበረሃው ናይል ይመላለሱ ስለ ነበሩ የእንፋሎት መርከቦችና ተሳቢ ጀልባዎች ስያሜ

1. መግቢያ

የሱዳንን የቅርብ ዘመን ታሪክ ከእንግሊዝኛም ሆነ ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ብዙ ገጽ ሳይሄድ ከወንዝ መርከቦች ጋር ይገናኛል። ጦር የዘመተባቸው፣ ፖስታ የተላከባቸው፣ ጥጥና ማሽላ የተጫነባቸው፣ ሕዝብም የተጓዘባቸው እነርሱ ናቸውና ሊያልፋቸው አይችልም። በምንጩ ቋንቋ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስም አላቸው። በእንፋሎት የሚሄደው ሌላ፣ ሞተር የሌለውና ከሌላው ጋር ታስሮ የሚሄደው ሌላ፣ በሸራ የሚሄደው ሌላ ነው። በአማርኛው ግን ሁሉም «መርከብ» ወይም «ጀልባ» እየተባሉ ሲጻፉ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ልዩነቱ ሲጠፋም ታሪኩ ይዛባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ መርከቦች ምን እንደ ነበሩና እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር በአጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ ለየዓይነታቸው የሚስማማ የአማርኛ ስያሜ ማመልከት ነው። በተለይም «ባቡር» የሚለው ቃላችን ከዚሁ የመርከብ ሥራ የተወለደ መሆኑ በመዝገበ ቃላት ሊሰጠው የሚገባውን ቦታ እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. ወንዙና መርከቦቹ

ናይል ከካርቱም በስተ ሰሜን የሚያልፈው በበረሃ ውስጥ ነው። የአትባራ ወንዝ ከተቀላቀለው በኋላ እስከ ሜድትራኒያን ባሕር ድረስ ሌላ ገባር ወንዝ አያገኝም። በግራና በቀኙ ያለው አገር አሸዋና ዐለት በመሆኑ፣ ከግመል ጀርባ በቀር ሰውና ዕቃ የሚጓጓዙበት መንገድ ወንዙ ራሱ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ወንዝ አንድ ወጥ የመርከብ መንገድ አይደለም። ከአስዋን እስከ ካርቱም ባለው ርቀት ከ1 እስከ 6 በተራ ቍጥር የሚጠሩ ዐለት የበዛባቸው ስፍራዎች ይቈራርጡታል። 1ኛው በአስዋን፣ 2ኛው በዋዲ ሐልፋ አጠገብ፣ 6ኛው ደግሞ ከካርቱም በስተ ሰሜን በሰበሎቃ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ወንዙ ለመርከብ በሚመቹ የተለያዩ ክፍሎች ተለያይቶ ይሠራበት ነበር። ከአስዋን እስከ ዋዲ ሐልፋ ያለው አንደኛው፣ ከከርማ እስከ ከሪማ ያለው የዶንጎላ ክፍል ሁለተኛው፣ ከካርቱም ነጭ ናይልን ይዞ ወደ ደቡብ የሚሄደው ሦስተኛው ነው።

ዐለቶቹን አልፎ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለው ወንዙ በሞላ ጊዜ ነበር። ሙላቱ የሚመጣው ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚጥለው የክረምት ዝናብ፣ በዓባይና በአትባራ በኩል ነው። ስለዚህ በኑብያ በረሃ የሚሠራ የመርከብ አዛዥ ዝናብ ሳያይ ዓመቱን ቢጨርስም፣ የሥራው ቀን መቍጠሪያ የእኛው ክረምት ነበር።

በወንዙ ላይ እንፋሎት የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ ሱዳን በግብፅ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን ነው። በ1884 ካርቱም በማህዲ ጦር በተከበበች ጊዜ፣ በከተማይቱ የነበረው ጀኔራል ጎርደን ከውጭ ጋር የሚገናኝባቸው ዋና መሣሪያዎች በከተማይቱ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ነበሩ። ከእነዚህም ቦርዴንና ታላሐዊያ የተባሉት ሁለቱ በጃንዋሪ 24 ቀን 1885 ሰር ቻርልስ ዊልሰንን ይዘው ከመተማ አጠገብ ካለው ከጉባት ወደ ካርቱም ተነሡ። ይህ መተማ በናይል ዳር በሱዳን ያለው እንጂ በጠረፋችን ያለው አይደለም። መርከቦቹ በጃንዋሪ 28 ቀን ከከተማይቱ ፊት ሲደርሱ፣ ካርቱም ከ2 ቀን በፊት ተይዛ፣ ጎርደንም ተገድሎ ነበር። በመልሱ ጉዞ ሁለቱም ከዐለት ጋር ተጋጭተው ተሰበሩ።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ በኪችነር የሚመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ወደ ዶንጎላ በዘመተ ጊዜ መርከቦቹ 2ኛውን የዐለት ስፍራ ያለፉት ሙላቱ ከተጠበቀ በኋላ ወታደሮች በገመድ እየጎተቷቸው ነው። በ1897 ኤል ጤብ የተባለው መርከብ 4ኛውን ሲያልፍ ተገለበጠ፤ በኋላ ከውኃው ተነሥቶ ሲጠገን ሐፊር የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። በዚያው ዓመት ከዋዲ ሐልፋ ተነሥቶ በረሃውን በቀጥታ የሚያቋርጥ የባቡር ሐዲድ አቡ ሐመድ ደረሰ። ሐዲዱ የወንዙን ታላቅ ቅልብስና በውስጡ ያሉትን የዐለት ስፍራዎች ወደ ጎን ተወ። ከዚያ ወዲያ እንደ መሊክ፣ ሱልጣንና ሼክ ያሉት አዳዲስ መርከቦች በእንግሊዝ አገር ተሠርተው፣ በየክፍላቸው ተፈታተው፣ በሐዲድ ተጭነው መጡና ከበርበር በስተ ሰሜን በአባዲያ በ1898 ተገጣጠሙ።

ከኦምዱርማን ጦርነት በኋላ መርከቦቹ ወደ ሰላማዊ ሥራ ዞሩ። ሐዲዱ በ1899 መጨረሻ ከካርቱም ፊት ለፊት ሲደርስ በሰሜኑ በረሃ የነበረው የወንዝ ጉዞ እየቀነሰ ሄደ። የአስዋንና የዋዲ ሐልፋ መሥመር ግን የግብፅንና የሱዳንን ሐዲዶች የሚያገናኝ ስለ ነበር ቀጠለ፤ የዶንጎላውም ክፍል እንዲሁ። በደቡብም ከኮስቲ እስከ ጁባ ያለው ወደ 1,436 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውኃ መንገድ ለረጅም ጊዜ ዋና መገናኛ ሆኖ ኖረ። እንፋሎት ቀስ በቀስ ቦታውን ለናፍጣ ሞተር ለቀቀ። በ1960ዎቹ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ አሮጌው ዋዲ ሐልፋ በውኃ ተዋጠ፤ ወንዙም በዚያ ስፍራ ሐይቅ ሆነ።

3. ስለ ነባሮቹ ቃላት

አማርኛ ለውኃ መጓጓዣ የሚጠቀምባቸው የተለመዱ ቃላት ሦስት ናቸው። እያንዳንዱም ከተለየ ውኃ የመጣ ነው።

«ታንኳ» የጣና ነው። በመጀመሪያ ትርጉሙ ከደንገል ታስሮ የሚሠራውንና በረጅም እንጨት የሚገፋውን ያመለክታል። «ጀልባ» የቀይ ባሕር ነው፤ በዚያ ባሕር ከሚሠራበት «ጀልባ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የተወሰደ ነው። «መርከብ» ደግሞ የሰፊው ባሕር ነው። በግእዝ «ረከበ» ማለት አገኘ ማለት ስለሆነ የቃሉ ትርጉም ከዚያ አይወጣም። «የሚሳፈሩበት» የሚለው ፍች የሚገኘው «ረኪበ» ማለት ተሳፈረ፣ ተቀመጠበት ከሚል ከዐረብኛው ነው። የግእዙ ነባር ስም «ሐመር» ሲሆን፣ «ሐመረ ኖኅ» በሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ ይኖራል።

እንግዲህ ሦስቱም ቃላት የሚለያዩት በመጠንና በአሠራር ነው። ታንኳ ከጀልባ ያንሳል፤ ጀልባም ከመርከብ ያንሳል። በናይል ላይ ግን ዋናው ልዩነት የመጠን አይደለም። የራሱ ኀይል ያለው ከሌለው ይለያል፤ አንዳንዴም የሌለው ካለው በስፋትም በርዝመትም ይበልጣል። ዋናውን ችግር የፈጠረውም ይኸው ነው።

4. «ባቡር» እና የመጀመሪያ ትርጉሙ

በሱዳን ዐረብኛ የእንፋሎት መርከብ «ባቡር» ይባላል። ቃሉ እንፋሎት የሚል ትርጉም ካለው ከጣሊያንኛው «ቫፖሬ» ወይም ከፈረንሳይኛው «ቫፐር» የወጣ ነው። ቱርክኛም ይህንኑ ቃል ወስዶ «ቫፑር» ይለዋል፤ በኢስታንቡል ሕዝብ የሚያሻግረው መርከብ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ዐረብኛ የ«ቨ» ድምፅ ስለሌለው ቃሉን ሲወስድ በሁለት መንገድ ለወጠው። በአንዱ «ባቡር»፣ በሌላው «ዋቡር» አለው። የአማርኛው የመጀመሪያውን ይመስላል።

የትርጉሙ አካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እንፋሎት፣ ቀጥሎ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ፣ ከዚያ በእንፋሎት የሚሠራ ማናቸውም ሞተር፣ በመጨረሻም በሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡርና እህል የሚፈጨው ወፍጮ። ሐዲድ ሲመጣ ዐረብኛ ሁለቱን ለመለየት «የባሕር ባቡር» እና «የየብስ ባቡር» የሚሉ ሐረጎችን ፈጠረ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ፍንጭ ነው። አማርኛ የሐዲዱን መጓጓዣ «ምድር ባቡር» ይለዋል። ድርጅቱም የተጠራው በዚሁ ስም ነው። ባቡር ማለት ከመጀመሪያው በምድር የሚሄድ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምድር» የሚለው ቅጽል ትርፍ በሆነ ነበር። ቅጽል የሚጨመረው ከሌላ ለመለየት ነው። ስለዚህ «ምድር ባቡር» የሚለው ስያሜ በውኃ ላይ የሚሄድ ሌላ ባቡር እንደ ነበረ በራሱ ይመሰክራል። ፈረንሳይኛው «የብረት መንገድ» ሲል አማርኛ ያንን ቃል በቃል አልመለሰም። ብረቱን የምናገኘው ከዐረብኛ በተወሰደው «ሐዲድ» ውስጥ ነው፤ ትርጉሙም ብረት ማለት ነውና።

ጊዜ ካለፈ በኋላ ቅጽሉ ከሰው አፍ ወደቀ። ዛሬ «ባቡር» የሚል ሰው ሐዲድ ወይም ወፍጮ ያስባል እንጂ መርከብ አያስብም። አደጋው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ የሱዳን ጸሐፊ በ1884 ስለ ተከበበችው ካርቱም ሲተርክ «ባቡሩ መጣ» ቢል፣ ተርጓሚውም ቃሉ በአማርኛ ስላለ ደስ ብሎት እንዳለ ቢያስቀምጠው፣ የአማርኛ አንባቢ ሐዲድ ከመድረሱ 15 ዓመት አስቀድሞ በካርቱም የምድር ባቡር ያያል። ቃሉ አንድ ነው፤ ድምፁም አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከባዕድ ቃል ይልቅ ተርጓሚን ይበልጥ የሚያስተው እንዲህ ያለው ዘመድ ቃል ነው።

ከላይ የተጠቀሰውን የ1898 ሥራ በዚህ ዓይን ብንመለከተው ችግሩ ጎልቶ ይታያል። በዚያን ጊዜ በበረሃው ውስጥ ባቡር ባቡርን ተሸክሞ ሄዷል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያለ ቅጽል መረዳት አይቻልም። «የምድር ባቡር የወንዝ ባቡርን በየክፍሉ ተሸክሞ ሄደ» ሲባል ግን ግልጽ ነው።

ስለሆነም ሁለት ነገር ይመከራል። አንደኛ፣ በተርጓሚው ትረካ ውስጥ «የእንፋሎት መርከብ» የሚለው ይጻፍ። በጥቅስ ወይም በዘመኑ ሰው ንግግር ውስጥ የዘመኑን ቃና መጠበቅ ሲያስፈልግ «የወንዝ ባቡር» ይባል። ሁለተኛ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በ«ባቡር» ሥር የመርከቡን ትርጉም ነባር ብለው ከሐዲዱ በፊት ያስቀምጡ። «ምድር» የሚለው ቅጽል በሌለበት ነባር ጽሑፍ ሁሉ ባቡር ማለት በሐዲድ የሚሄደው ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

5. «ተሳቢ ጀልባ»

የናይል የእንፋሎት መርከብ ብቻውን እምብዛም አይሄድም ነበር። የራሳቸው ሞተር የሌላቸው፣ ሰፊና ጠፍጣፋ ጀልባዎች በሁለቱ ጎኖቹ ይታሰሩለታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከፊቱ ይታሰሩና እየገፋ ይሄዳል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ተንሳፋፊ መንደር ይመስላል። በእነዚህ ጀልባዎች ላይ ጭነት ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሳፈር ነበር። በኮስቲና በጁባ መካከል ይሄድ በነበረው አገልግሎት ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለው መንገደኛ በዋናው መርከብ ክፍል ሲይዝ፣ በዝቅተኛ ማዕረግ የሚሄደው ሕዝብ የሚጓዘው በጎን በታሰሩት ጀልባዎች ነበር።

ለእነዚህ ምን ስም እንስጥ?

«የጭነት ጀልባ» የሚለው ለጊዜው ተስማሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ከላይ እንደ ተባለው ሰውም ይጫናቸዋል። «ሦስት መቶ መንገደኞች በጭነት ጀልባ ሄዱ» ቢባል፣ የተለመደውን ጉዞ ግፍ ወይም ስደት ያስመስለዋል። ምንጩ ያላለውን ማለት ነው።

በሱዳን ዐረብኛ ስማቸው «ሰንደል» ነው። እንዳንዋሰው የሚከለክለን በአማርኛ ሰንደል የሚጤስ ሽቱ መሆኑ ነው። በዐረብኛም ቃሉ ሁለቱንም ያመለክታል፤ እነርሱ ለምደውት አይደናገሩም፤ እኛ ግን «ሰንደሉ በእሳት ተያያዘ» የሚለውን ስናነብ ሌላ ነገር እናስባለን።

«ባርጅ» ብሎ ከእንግሊዝኛ መውሰድ ይቻላል። ሆኖም ቃሉ ለማያውቀው አንባቢ ምንም አይነግረውም።

እኛ የምንመርጠው «ተሳቢ ጀልባ» የሚለውን ነው። «ተሳቢ» በከባድ መኪና ሥራ የታወቀ ቃል ነው። ሞተር የሌለውን፣ ከዋናው መኪና ጋር ተያይዞ የሚሄደውን ክፍል ሾፌሩም ረዳቱም ነጋዴውም በዚሁ ስም ይጠሩታል። በሰዋስው ትምህርታችንም ተሳቢ የሚባለው በራሱ የማያደርግ፣ የባለቤቱ ድርጊት የሚያርፍበት ነው። ሁለቱም የሚፈለገውን ጽንሰ ሐሳብ በትክክል ይይዛሉ።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይኸውም የናይሉ ጀልባ በጎን የሚታሰር ወይም ከፊት የሚገፋ ስለሆነ «አይሳብም» የሚል ነው። መልሱን ከመኪናው እናገኛለን። ከመኪናው ተፈትቶ በግቢ ውስጥ የቆመውም ተሳቢ ነው፤ ማንም ግን እየሳበው አይደለም። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ተሳቢውን ይገፋዋል፤ ስሙ ግን አይለወጥም። ስለዚህ በሕዝቡ አነጋገር «ተሳቢ» የሚያመለክተው የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ሳይሆን የራስ ኀይል አለመኖርን ነው። አቅጣጫው ሲያስፈልግ «በጎን የታሰረ ተሳቢ»፣ «ከፊት የሚገፋ ተሳቢ» ማለት ይቻላል። «ተገፊ» የሚለውን ያልመረጥነው ቃሉ በአማርኛ ግፍ የደረሰበትን ሰው ስለሚያስታውስ ነው።

ከተሳቢ ጀልባ ጋር መምታታት የሌለበት ሌላ ዓይነት አለ። እርሱም በሱዳን «ኑጋር» የሚባለው፣ ሸራ ያለውና ለጭነት የሚሠራበት የእንጨት ጀልባ ነው። ኑጋር የራሱ ሸራ ስላለው በነፋስ ብቻውን ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም በእንፋሎት መርከብ ይሳባል። በ1885 ታላሐዊያ ወደ ካርቱም ሲሄድ ከኋላው ማሽላና ወታደሮች የጫነ ኑጋር ይስብ ነበር። በዚያ ሰዓት ቢሳብም ዓይነቱ ተሳቢ ጀልባ አይደለም። የአንድ ነገር ስም በዓይነቱ እንጂ በሰዓቱ ሥራ መሰጠት የለበትምና፣ «ኑጋር» በውሰት ቃልነት ይቆይ፤ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ባለ ሸራ የጭነት ጀልባ» ተብሎ ይፈታ።

6. ስለ መርከቡ ክፍሎችና ስለ ወንዙ ጠባይ

ሀ. መንኰራኵር። ብዙዎቹ የናይል የእንፋሎት መርከቦች ውኃውን የሚቀዝፉት በትልቅ መንኰራኵር ነበር። መንኰራኵሩ በአንዳንዶቹ በሁለቱ ጎኖች፣ በሌሎቹ በኋላቸው ይገኛል። የጎርደን መርከቦች ባለ ጎን መንኰራኵር ሲሆኑ፣ በ1896 የተገጣጠሙት ዛፊር፣ ፋተሕና ናስር ባለ ኋላ መንኰራኵር ናቸው። መሊክና ጓደኞቹ ደግሞ መንኰራኵር የላቸውም፤ የሚሄዱት በፕሮፔለር ነው። ስለዚህ «የመንኰራኵር መርከብ» እና «የእንፋሎት መርከብ» አንድ ነገር እንደ ሆኑ አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው የመቅዘፊያውን ዓይነት፣ ሁለተኛው የኀይሉን ምንጭ ይናገራል።

ለ. ቦይለርና ሲሊንደር። ሁለቱን «ሞተር» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል የተለመደ ነው። ነገር ግን ቦይለር ውኃ የሚፈላበት የብረት ጋን ነው፤ ሲሊንደር እንፋሎቱ ገብቶ የሚገፋበት ክፍል ነው። በ1885 ዊልሰንን ለማዳን የሄደው ሳፊያ የተባለው መርከብ ቦይለሩ በመድፍ ጥይት ተበሳ። መሐንዲሱ ቤንቦ ውጊያው ሳይቆም ወደ 10 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቀዳዳውን በብረት ጠፍጣፋ ደፍኖ መርከቡን አስነሣው። በ1896 ዛፊር ገና ጉዞ ሲጀምር ሲሊንደሩ ፈነዳ፤ ይህ ግን ሊደፈን ስለማይችል አዲስ እስኪመጣለት ድረስ ከሥራ ውጭ ሆነ። ሁለቱም «ሞተሩ ተበላሸ» ተብለው ቢተረጐሙ፣ አንዱ በአንድ ቀን ሲጠገን ሌላው ለምን ዘመቻ እንዳመለጠው አንባቢ ሊገባው አይችልም።

ሐ. የመጥለቅ ልክ። የመርከቡ አካል ውኃ ውስጥ የሚገባበት ጥልቀት በበረሃ ወንዝ የሞትና የሕይወት ጕዳይ ነው። የአሸዋ ደለል በየጊዜው ቦታውን ስለሚለውጥ፣ መርከቦቹ የሚሠሩት በጥቂት ውኃ ላይ እንዲሄዱ ሆነው ነው። ለዚህ ልክ «ስምጠት» የሚል ቃል መጠቀም አይመከርም። የሰመጠ መርከብ ያለቀለት ነውና «የመርከቡ ስምጠት ትንሽ ነበር» ሲባል ሌላ ነገር ይመስላል። «ጠለቀ» ግን ገብቶ የሚወጣውንም ስለሚያካትት «የመጥለቅ ልክ» የተሻለ ነው።

መ. ሸላል። ከ1 እስከ 6 የሚቈጠሩት የናይል የዐለት ስፍራዎች «ፏፏቴ» ተብለው ሲተረጐሙ ይታያል። ፏፏቴ ስንል የሚታየን ጢስ ዓባይ ነው፤ ውኃ ከከፍታ ወድቆ የሚጤስበት። በጢስ ዓባይ ላይ መርከብ ሊወጣ ይችላል ብሎ የሚያስብ የለም። በኑብያ ያሉት ግን ውኃው በዐለቶች መካከል ተከፋፍሎ በፍጥነት የሚወርድባቸው ስፍራዎች እንጂ ከገደል የሚወድቅባቸው አይደሉም። መርከብ በገመድ ተጎትቶ ሊያልፍባቸው የቻለውም ስለዚህ ነው። «ፏፏቴ» የሚለው ቃል የ1896ቱን ታሪክ የማይታመን ያደርገዋል። ስለዚህ ዐረብኛው «ሸላል» በውሰት ተወስዶ፣ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ስፍራ «ዐለት የበዛበት ፈጣን ውኃ» ተብሎ እንዲፈታ እንመክራለን።

ሠ. ሱድ። ከበረሃው በስተ ደቡብ፣ በነጭ ናይል ላይ፣ ደንገልና ሌላ የውኃ ተክል ተያይዞ እየተንሳፈፈ መንገዱን ይዘጋል። ሳሙኤል ቤከር በ1870 ወደ ደቡብ ሲሄድ ይህ ተክል ስላገደው ተመልሶ፣ ማለፍ የቻለው በ1871 ነው። ቃሉ በዐረብኛ ማገጃ ማለት ነው። «ግድብ» ብሎ መተርጐም ሰው የሠራው ስለሚያስመስለው «ሱድ» እንዳለ ይቆይ።

7. የጋምቤላ መሥመር

እነዚህ ስያሜዎች ለጎረቤት ታሪክ ብቻ የሚያስፈልጉ አይደሉም። ሜይ 15 ቀን 1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አካባቢ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ጣቢያው በጋምቤላ ሲቋቋም፣ በበረሃው ናይልና በነጭ ናይል ላይ ከሚሠሩት ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ የእንፋሎት መርከቦች ተሳቢዎቻቸውን ይዘው ከካርቱም እስከዚያ ይደርሱ ጀመር። የሚመጡት ባሮ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር፤ ሲመለሱ በብዛት የሚጭኑት የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ነው። ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰ።

ስለዚህ የምዕራቡን ንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው «መርከብ በጋምቤላ ደረሰ» ሲል ምን ዓይነት መርከብ እንደ ሆነ ማመልከት ይገባዋል። ቡናው የተጫነው በመርከቡ ላይ ነው ወይስ በተሳቢው? የጭነቱን መጠን፣ የጉዞውን ፍጥነትና የወንዙን ጥልቀት ለማስላት ይህ መሠረት ነው።

8. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ የተሰጠውን ሐተታ በመከተል የሚከተሉት ስያሜዎች ከነፍቻቸው ቀርበዋል።

የእንፋሎት መርከብ፦ በቦይለር በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ኀይል የሚሄድ የወንዝ ወይም የባሕር መርከብ።

የወንዝ ባቡር፦ ከላይ ያለው ነገር የዘመኑ አነጋገር ስም፤ በጥቅስና በንግግር ውስጥ የሚያገለግል።

ተሳቢ ጀልባ፦ የራሱ የመሄጃ ኀይል የሌለው፣ ታስሮ ወይም ተገፍቶ የሚሄድ፣ ጭነት ወይም ሰው የሚይዝ ጠፍጣፋ ጀልባ።

ኑጋር፦ በሱዳን የሚሠራበት ባለ ሸራ የእንጨት የጭነት ጀልባ።

ባለ ጎን መንኰራኵር፣ ባለ ኋላ መንኰራኵር፦ መቅዘፊያ መንኰራኵሩ በሚገኝበት ስፍራ የሚለይ የመርከብ ዓይነት።

የመጥለቅ ልክ፦ ከውኃው ገጽ እስከ መርከቡ ታችኛው ጫፍ ያለው ጥልቀት።

ሸላል፦ ወንዝ በዐለቶች መካከል በፍጥነት የሚወርድበት፣ ለመርከብ አስቸጋሪ የሆነ ስፍራ።

ሱድ፦ ተንሳፋፊ የውኃ ተክል ተያይዞ የሚፈጥረው የወንዝ መዝጊያ።

የማገዶ ጣቢያ፦ የእንፋሎት መርከብ ለቦይለሩ እንጨት የሚጭንበት የወንዝ ዳር ስፍራ።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል ከሞላ ጎደል የለም። «ተሳቢ»ን ከአውራ ጎዳና፣ «መንኰራኵር»ን ከመጽሐፍ፣ «ባቡር»ን ከራሱ ከቃሉ ታሪክ አግኝተናል። ለጠፋ ነገር ስም ሲፈለግ አስቀድሞ በሕያው ሠራተኛ አፍ ያለውን ቃል መመርመር ይገባል። መርከቦቹ ከሥራ ወጥተዋል፤ ታሪካቸው ግን ገና በመተርጐም ላይ ነው። አንባብያን፣ በተለይም በመርከብ፣ በምድር ባቡርና በከባድ መኪና ሥራ ልምድ ያላቸው፣ በቀረቡት ስያሜዎች ላይ ያላቸውን አስተያየትና በየሙያቸው የሚሠራበትን ቃል ቢገልጹልን፣ ስያሜዎቹ ወደ መዝገበ ቃላቱ ከመግባታቸው በፊት ለማረም ይረዳል።